ተራኪዋ ድምፃዊት፦ በኢቬት ጊልቤር የካባሬ ዘፈን ውስጥ ስላለው የትረካ ርቀት

ካባሬ፣ ማለትም ታዳሚው በየጠረጴዛው ተቀምጦ እየጠጣ ዘፈን፣ ግጥምና ቀልድ የሚከታተልበት ጠባብ የምሽት ቤት፣ በፓሪስ ሞንማርትር ሰፈር የሚታወቅበትን መልክ የያዘው ሮዶልፍ ሳሊ እ.ኤ.አ. በ1881 «ለ ሻ ኗር»ን ከከፈተ ወዲህ ነው። በእንዲህ ያለ መድረክ ብቻውን የሚቆም ዘፋኝ አጋር ተዋናይም ሆነ የትዕይንት ጌጥ ስለሌለው፣ ተራኪውንም ገጸ ባሕርያቱንም በአንድ ድምፅና በአንድ ፊት ማቅረብ ይኖርበታል። ኢቬት ጊልቤር (1865–1944) በ1890ዎቹ ዝና ያተረፈችው በዚህ ሥራ ሲሆን፣ ዜማውን ከመጮህ ይልቅ ግማሹን እየተናገረች ግማሹን እያዜመች ታቀርብ ስለነበር ፈረንሳዮች «ዲዞዝ»፣ ማለትም ቃል አሳማሪ ተናጋሪ፣ ይሏት ነበር። የጥበቧ ምንጭ ግን ከድምፅ አጣጣሏ ይልቅ በተራኪውና በገጸ ባሕርዩ መካከል ያለውን ርቀት የምትቆጣጠርበት መንገድ ነው።

ሌዮን ዛንሮፍ የደረሰው «ለ ፊያክር» ይህን በግልጽ ያሳያል። ከውሽማዋ ጋር በተዘጋ የኪራይ ጋሪ እየተሳሳመች የምትሄድ ሴት ድምፅ በመንገድ ላይ ለነበረው ባሏ ይሰማዋል፤ ባልየው ሊደርስባቸው ሲሮጥ አዳልጦት ይወድቅና ጋሪው ይጨፈልቀዋል፤ ሴትየዋም ወርዳ ካየችው በኋላ ከእንግዲህ መደበቅ እንደማያስፈልግ ተናግራ ለጋሪ ነጂው ገንዘብ እንዲሰጠው ውሽማዋን ታዝዛለች። በየስንኙ መካከል የሚመላለሰው አዝማች የፈረሱን ሶምሶማና የነጂውን ማጣደፊያ የሚያስመስል ሲሆን፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይለወጥም። በመግቢያው ላይ የተራ መንገድ ድምፅ የነበረው ይኸው አዝማች የመሳሳሙ ወሬ ሲከተለው የምስጢር መሸፈኛ፣ ባልየው ሲሞት ደግሞ የግድየለሽነት ምልክት ይሆናል። በሞቱ ቦታ ላይ ዜማውን አዘግይቶ ኀዘን ሊጨምርበት የሚሞክር ዘፋኝ (እንዲህ ያለ ፈተና ለማንም ቅርብ ነው) ታሪኩን ያበላሸዋል፤ ምክንያቱም ተራኪው ካላዘነ ብቻ ነው አድማጩ በገዛ ሳቁ የሚደነግጠው።

በዡል ዡዊ «ላ ሱላርድ» ርቀቱ ይጠብባል። በስካር ተዳክማ በመንገድ የምትንገላታው አሮጊት በሦስተኛ መደብ፣ ከውጭ እንደታየች፣ ብትተረክም የጊልቤር ፊት ግን የሴትየዋን ፊት ይለብሳል፤ ቃሉ ተመልካች፣ ፊቱ ተጠቂ ይሆናል ማለት ነው። ይሁንና ሙሉ በሙሉ ወደ ትወና እንዳታልፍ የሚያግዳት አለባበሷ ነው። አሮጊቷንም ሆነ ሌሎቹን ገጸ ባሕርያት የምታቀርበው በዚያው በሚታወቀው አረንጓዴ ቀሚስና ረጅም ጥቁር ጓንት ስለነበር፣ ተራኪዋ ከታዳሚው ዓይን አትጠፋም። ጓንቱን በድህነቷ ዘመን ርካሽ ሆኖ ስላገኘችው እንደመረጠችው ተናግራለች፤ ሥራው ግን ከዋጋው በልጧል። ሠዓሊው አንሪ ደ ቱሉዝ-ሎትሬክ በ1893 «ዲቫን ዣፖኔ» ለተባለው የሙዚቃ ቤት በሠራው ማስታወቂያ ላይ የጊልቤር ራስ በሥዕሉ ጠርዝ ተቆርጦ ቀርቷል፣ በጓንቷ ብቻ ትታወቃለች፤ ለሠዓሊው ፊቷ ተለዋዋጭ፣ ክንዷ ቋሚ ነበርና ይህ ምርጫ ቀልድ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

በኋለኛው ዘመኗ ወደ ጥንታዊ የፈረንሳይ ዘፈኖችና ወደ ማስተማር ያዘነበለችው ጊልቤር፣ በ1928 በታተመው የዘፈን አዘፋፈን መጽሐፏ የፊት ገጽታዎችን በፎቶግራፍ ዘርዝራ አስቀምጣለች። ዝርዝሩ ለተማሪ ይጠቅማል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ፎቶ ብቻውን የቆመ ሲሆን፣ በ«ላ ሱላርድ» ታሪኩን የሚያራምደው በአንድ ስንኝ ውስጥ ከአንዱ ገጽታ ወደ ሌላው የሚደረገው ሽግግር ነው።