ጭልፊት በጠበቃ ልብስ

አውሬ እንደ ሰው የሚናገርበት ድርሰት ለአገራችን አንባቢ እንግዳ አይደለም። አንበሳ፥ ነብር፥ ጅብና አህያ ኃጢአታቸውን ሊናዘዙ የተቀመጡበትን ተረት ብዙዎቻችን በልጅነታችን ሰምተነዋል። ሥጋ የበሉት ሁሉ ይቅር ተባሉ፤ ሣር የጋጠችው አህያ ግን ተፈርዶባት ተበላች። በዚያ ሸንጎ የፈረደው ጥርስና ጥፍር ነበር።

ይህን ያነሣነው «ኤቪያሪ አተርኒ» ስለሚባለው የቪዲዮ ጨዋታ ለመናገር ብለን ነው። ስኬቺ ሎጂክ የተባለ የእንግሊዝ ቡድን በ2015 ያወጣው ሲሆን (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)፥ ሥዕል ያለበት ልብ ወለድ ቢባል ይቀላል፤ ተጫዋቹ ንግግሩን እያነበበ ወንጀል ይመረምራል፥ በችሎትም ይከራከራል። ስፍራው ፓሪስ፥ ዘመኑም ንጉሥ ሉዊ ፊሊፕ ዙፋናቸውን የለቀቁበት 1848 ነው። ጠበቃው ጄይጄይ ፋልኮን ጭልፊት፥ ረዳቱ ስፓሮውሰን ድንቢጥ፥ ዐቃቤ ሕጉም አውራ ዶሮ ናቸው።

ሥዕሎቹ የግራንቪል ናቸው። ይህ ሠዓሊ በ1803 በናንሲ ተወልዶ፥ በ1829 የእንስሳ ራስ ያላቸውን ሰዎች በመሣል ስም አተረፈ፤ ቀጥሎም የሉዊ ፊሊፕን መንግሥት በሥዕል ይነቅፍ ጀመር። በ1835 የወጣው የፕሬስ ሕግ ይህን በር በዘጋበት ጊዜ ፊቱን ወደ መጻሕፍት መለሰ፤ ከ1840 እስከ 1842 ድረስም ባልዛክን የመሰሉ ደራስያን የተካፈሉበትን የእንስሳት መጽሐፍ በሥዕል አስጌጠ። ንጉሡ ሲወድቁ ግን አላየም፤ በ1847 ሞተ።

የግራንቪል ብልሃት ራሱን አይተን ጠባዩን እንድናውቅ ማድረግ ነው። ለፌዝ ይህ ይበጃል፤ ለምርመራ ታሪክ ግን አደገኛ ነው፤ ሌባው በአፍንጫው ከታወቀ ማስረጃ ምን ያደርጋል? የጨዋታው ደራስያን ይህን ሳይረዱት አልቀሩም። ነጣቂውን ወፍ የተከሳሾች ጠበቃ አደረጉት፤ ጭልፊትና ድንቢጥ አስቀድመው የሚሟገቱላትም በነፍስ ግድያ የተከሰሰች ድመት ናት። በተረት ቢሆን ድመቲቱ ገና ስትገባ በተፈረደባት ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ያደነቅነው የቀኖቹን ቍጥር ነው። ከችሎቱ በፊት ለምርመራ የተሰጡት ቀኖች ጥቂት ስለ ሆኑ፥ ወደ አንዱ ስፍራ የሄደ ሌላውን ሳያይ ሊቀር ይችላል። ክርክሩን ቢረታም ታሪኩ በዚያው ይቀጥላል፤ ፍጻሜውም እንደ ተጫዋቹ ሥራ ይለያያል። ስለዚህ ስንፍና ዋጋ አለው፥ ዋጋውንም የሚከፍለው ሌላ ነው።

ሙዚቃው የሴን ሳንስ ነው፤ በ1848 የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ስለ ነበረ ከዘመኑ ጋር ባይገጥምም ጆሮን አያስቀይምም። ቀልዱ ግን በዝቷል። በእንስሳት ስም ላይ የሚደረገው የቃላት ጨዋታ ስለ ሞት በሚነገርበት ቦታ ሳይቀር ጣልቃ ይገባል። ወደ አማርኛ ሊመልሰው የሚነሣ ቢኖር ድካሙ ሁሉ በእነዚህ ቀልዶች ላይ ይሆናል፤ በችሎቱ ክርክር ግን በላ ልበልሃን የሚያውቅ ቋንቋ አይቸገርም።