ገመና የማን ነው?

«ፕራይቬሲ» የሚለውን የባዕድ ቃል ወደ አማርኛ ለመመለስ ሲጣጣሩ የነበሩ ሰዎች አሁን አሁን «ግላዊነት» በሚለው ተስማምተው ያረፉ ይመስላል። ቃሉ ክፋት የለውም። ግን እስቲ አንዲት እናት «ግላዊነቴን ነካኸው» ብላ ልጇን ስትቆጣ የሰማ አንባቢ ካለ እጁን ያውጣ! እናት የምትለው «ገመናዬን አወጣኸው» ነው። እኔም ከቢሮው ቃል ይልቅ የቤቱን ቃል መርጫለሁ፤ የቤቱ ቃል ከነጉድለቱ ኑሯችንንም ሥነ ጽሑፋችንንም ያሳየናልና።

ጉድለቱ ምንድን ነው ቢሉ፣ ገመና የቤት ነው እንጂ የሰው አይደለም። «የቤት ገመና» እንላለን፤ «የትዳር ገመና» እንላለን። ከጎረቤት ይሸሸጋል፤ እቤት ውስጥ ካለ ሰው ግን አይሸሸግም። አባት የልጁን ደብዳቤ ቀዶ ቢያነብ ገመና አወጣ አይባልም። ወንድም የእህቱን ቦርሳ ቢበረብር «ይጠብቃታል» ነው የሚባለው። አጥሩ የታጠረው በግቢው ዙሪያ ነው፤ በእያንዳንዱ ሰው ዙሪያ የታጠረ ነገር የለም።

ይህን ከሐዲስ ዓለማየሁ አብልጦ ያየ ደራሲ አላውቅም። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ጀምሮ የፍቅር መጽሐፍ፣ የሥርዓት ትችት፣ የባህል መዝገብ እየተባለ ተነግሮለታል፤ ሁሉም ልክ ነው። እኔ ግን ደግሜ ባነበብኩት ቁጥር የሚታየኝ አንዲት የራሷ የሆነ ምንም ነገር የሌላት ልጅ ናት። ሰብለ ወንጌል የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ናት፤ ርስት አለ፣ አሽከር አለ፣ ገረድ አለ። የሌለው የሷ ልብ ብቻ ነው። ልቧ የቤቱ ክብር ንብረት ነውና ጠያቂ ሲመጣ የሚመረመረው የአጥንቱ ጥራት እንጂ የሷ ፈቃድ አይደለም። ከመምህሯ ከበዛብህ ጋር የጀመረችው ፍቅር ወንጀል የሚሆነውም የድሃ ልጅ ስለወደደች ብቻ አይመስለኝም፤ ቤቱ የማያውቀው ነገር ስለያዘች ጭምር ነው። በዚያ ቤት የራስ የሆነ ምስጢር መያዝ ራሱ አመጽ ነው።

ጉዱ ካሳን ደግሞ እስቲ በዚህ ዓይን እንየው። ሰውየው ዘመድ ነው፤ የቤቱን ገመና የሚያውቅ፣ አውቆም የማይሸፍን። «ጉዱ» የሚል ቅጽል ያተረፈለት ይኸው ነው። ሐሰት ተናገረ ያለው የለም፤ የሚሸፈነውን ገለጠ ነው። እዚህ ላይ ገመና የምንለው ነገር ሁለት ፊት እንዳለው ሐዲስ ያሳዩናል፦ የድሃውን እፍረት የሚከድነው ነጠላ የጌታውንም በደል ይከድናል። ዛሬም ባሏ የደበደባት ሴት ለሽማግሌ ስትናገር «ገመናሽን አታውጪ» ትባላለች። የማን ገመና? እሷ ተመታች፤ ገመናው ግን የቤቱ ሆነ። ስለ ግል ሕይወት መከበር የሚጽፉ ሰዎች ይህችን ሴት ካላሰቡ የሚከላከሉት ማንን እንደሆነ አይገባኝም።

ነገሩን ሁሉ በጥቁር መቀባትም ልክ አይደለም። ልጅ ሳለሁ ፊደል ላልቆጠሩ የሰፈራችን እናቶች ደብዳቤ አነብ ነበር፤ አብዛኛው ከዓረብ አገር የሚመጣ ነው። ፖስታ በየቤቱ የሚታደልበት አገር አይደለንምና ደብዳቤው ሳጥን ባለው መሥሪያ ቤት ወይም ዘመድ በኩል ዞሮ ይመጣል። ስንት እጅ ነክቶት፣ ስንት ሰው ከማን እንደመጣ ጠይቆ! በመጨረሻም የሚያነበው የጎረቤት ልጅ ነው። እናቶቹ ግን የራሳቸው ዘዴ ነበራቸው። ከባዱ ቦታ ላይ ስደርስ አንዷ «በል ይበቃል፣ የቀረውን ማታ» ትልና ወረቀቱን ትቀበለኛለች። ማታ የሚያነብላት ሌላ ልጅ ነው። ከሁለታችን ማንም ሙሉውን አያውቀውም። ሕግ ሳይረዳት፣ በር የሚዘጋ ክፍል ሳይኖራት ደብዳቤዋን ለሁለት ከፍላ የጠበቀች ሴት የግል ሕይወት ምን እንደሆነ አታውቅም የሚል ካለ እከራከረዋለሁ።

በ1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቤት ለቤት አሰሳ ሲካሄድ ግን ይህ ዘዴ ሁሉ አልሠራም። ሰው መጽሐፉንና ደብዳቤውን፣ ፎቶግራፉን ሳይቀር በገዛ እጁ አቃጠለ። የዕለት ማስታወሻና የደብዳቤ ስብስብ በሥነ ጽሑፋችን ውስጥ እንዲህ የሳሳው ለምንድን ነው ሲባል ብዙ ምክንያት ይደረደራል፤ እኔ ከዚያ እሳት ጋር አያይዘዋለሁ። ወረቀት እንደሚያስገድል ያየ ሰው ልጁን ማስታወሻ ያዝ ብሎ አይመክርም።

ደራሲዎቻችንስ የሌላውን ሰው ገመና እንዴት ያዙት? በዓሉ ግርማ በ1972 ዓ.ም. «ደራሲው»ን ሲያወጣ ሲራክ ማን እንደሆነ አንባቢ ለመገመት አልተቸገረም፤ የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ስም ወዲያው ከአፍ ወደ አፍ ዞረ። «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ሲወጣም የጊዜው ሹማምንት ራሳቸውን በገጾቹ ውስጥ አገኙ ተባለ። መጽሐፉ ከገበያ ተለቀመ፣ በዓሉ ከሥራው ተባረረ፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. እንደወጣ ቀረ። ሁለቱን መጽሐፎች በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ አይቻልም። ባለሥልጣን በሕዝብ ስም የሠራው ሥራ ገመናው አይደለም፤ እንዲታይ ግድ ነው። የወዳጅ ትዳርና መጠጥ ግን ሌላ ነገር ነው። «ደራሲው»ን እወደዋለሁ፤ ሆኖም ሳነበው አንድ ነገር ይቆረቁረኛል። ስብሐት ለዘነበ ወላ ሕይወቱን ተርኮ «ማስታወሻ» የተሰኘው መጽሐፍ ሲወጣ ባለቤቱ በገዛ እጁ የከፈተው በር ነውና ማንም ገብቶ ቢያይ አይከፋም። እዚያም ቢሆን ከሱ ጋር የኖሩት ሰዎች ሳይጠየቁ አብረው ታይተዋል። የጥበብ ነፃነት ይህን ጥያቄ ይሽረዋል የሚሉኝ አሉ፤ እኔ አይሽረውም ባይ ነኝ።

ሕጉ በዚህ ረገድ ከምናስበው በላይ ቀድሞን ሄዷል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ በአንቀጽ 31 ደግሞ ምስጢራዊ ደብዳቤ የደረሰው ሰው ያለ ጸሐፊው ፈቃድ ይዘቱን እንዳይገልጥ ያዛል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 ቤትን፣ ደብዳቤንና ስልክን ጨምሮ የግል ሕይወትን ያስከብራል። በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። ወረቀቱ ሞልቷል።

ይህን ይዤ ወደ ዘመኑ የበጎ አድራጎት ቪዲዮ እመጣለሁ፤ ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝም እሱ ነው። ስልክ በእጁ የያዘ ወጣት አንዲት አሮጊት ደጅ ይደርሳል። ካሜራው ከእሷ ቀድሞ ይገባል፤ የተቀደደውን ፍራሽ፣ ባዶውን ሞሰብ፣ የጣሪያውን ቀዳዳ እየዞረ ያሳየናል። «እማማ፣ ዛሬ ምን በሉ?» ይላታል። ታለቅሳለች። ካሜራው ይጠጋል፣ ሙዚቃ ይገባል፣ ብሩ ይቆጠራል። ብሩ እውነተኛ ነው፤ ጣሪያው ይጠገናል፤ ይህን አልክድም። ፈቅዳለች ወይ ሲባልም «ፈቅዳለች» ነው መልሱ። ነገር ግን ብሩን የያዘው ሰው ደጇ ላይ ቆሞ ሳለ «አይሆንም» ማለት ምን ያህል ይቻላታል? ለጎረቤት እንኳ ጾሟን ማደሯን ያልተናገረች፣ ጭስ እንዲታይ ብላ ባዶ ድስት የምትጥድ ትውልድ ናት።

እንደ ሐያሲ ብጠየቅ፣ የእነዚህ ቪዲዮዎች ችግር የሥነ ምግባር ብቻ አይደለም፤ የአተራረክም ነው። ሴትዮዋ ስም የላትም፤ «እማማ» ናት። ምን ትሠራ እንደነበር፣ ማንን እንዳሳደገች፣ ምን እንደሚያስቃት አንሰማም። ድህነቷን ከጥግ እስከ ጥግ አይተን እሷን ሳናውቅ እንወጣለን። ጓዳውን ሳያሳዩ፣ ፊቷን ሳይጠጉ፣ በድምጿ ብቻ ታሪኳን አስነግረው የሚረዱ አዘጋጆች ቢኖሩ ተመልካች ያጡ ይሆናል። ይሞከርና እንየው። ለጊዜው ግን ለመስጠት የፈለገ ሰው ስልኩን ኪሱ ውስጥ አድርጎ በሩን ቢያንኳኳ፣ «ቤቶች!» ብሎ መልስ እስኪሰማም ቢጠብቅ ምንም የሚጎድልበት ነገር የለም።