ጸሐፊና አጻፊ

ኮልፌ አጠና ተራ ሄዶ ባሕር ዛፍ የገዛ ሰው ሥርዓቱን ያውቀዋል። ሻጩ አጠናውን አንድ በአንድ ይቆጥራል፤ ገዢው አብሮት ይቆጥራል። ጠማማ ሲያይ "ይኼን ቀይርልኝ" ይላል። ዋጋ ይቆረጣል፤ መኪና ላይ የሚጫነው ከዚያ በኋላ ነው። ከተጫነ ወዲያ ስለ ቁጥሩ ክርክር የለም።

እኔ ከዚያ ብዙም ሳልርቅ፣ አየር ጤና ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ለሰው እየጻፍኩ እተዳደራለሁ። የድርጅት መጽሔት፣ የእድር መተዳደሪያ ደንብ፣ የሪፖርት ትርጉም፣ የጡረተኞች የሕይወት ታሪክ እጽፋለሁ። የአጠና ሻጮቹን ሥርዓት ወደ ጽሕፈት ጠረጴዛዬ ለማምጣት ግን ዓመታት ፈጅቶብኛል።

ያዘገየኝ ይሉኝታ ነው። ጽሑፍ እንደ እንጨት ደጅ ላይ ተደርድሮ አይታይም። የሚያጽፈው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ዘመድ ነው፤ ካልሆነም ዘመድ የላከው ነው። "አንቺ እኮ ለምደሽዋል፣ ላንቺ ምን አላት!" ይላል፤ ማመስገኑ ነው። እኔም "ግድ የለም፣ በኋላ እንነጋገራለን" እል ነበር። ያ "በኋላ" ሲመጣ እሱ በልቡ የያዘው ዋጋና እኔ የያዝኩት አይገናኙም። ሁለታችንም ሳንዋሽ፣ ሁለታችንም ተበደልን ብለን እንለያያለን።

ሥራውን በጀመርኩ ሰሞን ለአንድ ድርጅት የምሥረታ በዓል መጽሔት ጻፍኩ። የተስማማነው በስልክ ነበር። ረቂቁን ሰጠሁ፤ "ትንሽ ነካ ነካ አድርጊው" ተባልኩ፤ አደረግሁ። ከዚያ የሂሳብ ኃላፊው የራሱን አስተያየት ላከ፤ አንድ የቦርድ አባል ደግሞ ሂሳብ ኃላፊው ያስጨመረውን እንዳወጣ አዘዙ። ሰባተኛው ረቂቅ ላይ ስደርስ ሥራውን የሰጠኝ ሰው ተዛወረ። በቦታው የተተካው ሰው ፋይሉን አገላብጦ "ስለ እርስዎ የተጻፈ ነገር የለም" አለኝ። እውነቱን ነው፤ አልነበረም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚለውን ብሂል በሰው ጽሑፍ ውስጥ ስንት ጊዜ አስገብቻለሁ፤ የራሴን ስምምነት ግን አልጻፍኩትም ነበር።

ከዚያ ወዲህ አንድ ገጽ ውል ሳይፈረም ሥራ አልጀምርም። ውሉ ውስጥ ጽሑፉ ምን እንደሆነ፣ ማን እንደሚያነበው፣ ስንት ገጽ እንደሚሆን፣ መቼ እንደማስረክብ፣ ስንት ጊዜ እንደማርም፣ ክፍያው በስንት ጊዜ እንደሚከፈልና ጽሑፉ በማን ስም እንደሚወጣ አለ። ከሁሉ በላይ የሚያድነኝ ግን "እርማት የሚሰጠውና የሚያጸድቀው አንድ ሰው ነው" የሚለው መስመር ነው። አስተያየት ከአሥር ሰው ቢመጣም፣ አስታርቆ ወደ እኔ የሚያመጣው ያ አንድ ሰው ነው። እርማት ሁለት ጊዜ ድረስ በዋጋው ውስጥ ነው፤ ሦስተኛው የራሱ ዋጋ አለው። ይህ ከተጻፈ ወዲህ ሰባተኛ ረቂቅ ጽፌ አላውቅም።

ቀብድ ስጠይቅ የሚቀየሙ አሉ። "ምነው፣ አላመንሽኝም?" ይሉኛል። ቀብድ ግን የሚያስረው ከፋዩን ብቻ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከአንቀጽ 1883 እስከ 1885 ስለ ቀብድ ይደነግጋል። ቀብድ መስጠት ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው። የተለየ ስምምነት ከሌለ፣ የሰጠው ሰው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ቀብዱን ስቀበል "ብቀር እጥፍ እከፍላለሁ" ብዬ መፈረሜ ነው። ይህን ሳስረዳቸው ፊታቸው ይፈታል፤ እኔም የማስረከቢያው ቀን በደረሰ ቁጥር የቀብዱ ነገር ከእንቅልፌ ያስነሳኛል።

የግብሩንም ነገር በመጀመሪያው ቀን አነሳዋለሁ። የገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 ሲወጣ፣ ድርጅቶች ከ3,000 ብር በላይ ለሆነ አገልግሎት ሲከፍሉ 2 በመቶ ቀንሰው እንዲያስቀሩ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን ካላቀረበ ሰው ላይ ግን 30 በመቶ እንዲይዙ ደንግጎ ነበር። ቁጥሮች በየጊዜው ይሻሻላሉ። ሰው ዊዝሆልዲንግ የሚለውን ይህን ነገር ገና ከጅምሩ ያልተነጋገረበት ጸሐፊ ግን ክፍያው ጎድሎ ሲያገኘው ከገንዘብ ያዡ ጋር ይጣላል። ገንዘብ ያዡ ምንም አላጠፋም።

የስም ጉዳይ ደግሞ ከገንዘብም ይከብዳል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ 410/1996 በትእዛዝ የተሠራ ጽሑፍ የኢኮኖሚ መብት፣ በውል ሌላ ካልተባለ፣ ያሠራው ሰው እንደሆነ ይናገራል። የሞራል መብቱ፣ ማለትም "ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ" የማለት መብት፣ የጸሐፊው ነው። የአንድ አዛውንት የሕይወት ታሪክ በእሳቸው ስም ይውጣ ስንባባል ቅር አይለኝም፤ ሕይወቱ የእሳቸው ነው። ተማሪ መጥቶ "የመመረቂያ ጽሑፌን ጻፊልኝ፣ የፈለግሽውን እከፍላለሁ" ሲለኝ ግን በአክብሮት እመልሰዋለሁ። ዲግሪው የሚመሰክረው ስለ እሱ ዕውቀት ነው፤ እኔ ከጻፍኩት ምስክርነቱ ሐሰት ይሆናል። የራሱን ረቂቅ ይዞ ሲመጣ ፊደል አርምለታለሁ፤ ያልገባኝን እጠይቀዋለሁ።

ማስረከብም የራሱ ጥንቃቄ አለው። አንድ ጊዜ በቆየ የፓወር ግዕዝ ፊደል የጻፍኩትን አርባ ገጽ ላክሁ፤ የደንበኛዬ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ከላይ እስከ ታች የላቲን ፊደልና ምልክት ቅልቅል ሆኖ ታየ። ሰውየው በድንጋጤ ደወለልኝ፤ ሥራውን ያጠፋሁበት መስሎት ነበር። ፊደላችን እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ አለ። አሁን የምጽፈው በዩኒኮድ ብቻ ነው፤ ከሰነዱ ጋር ሁልጊዜ ፒዲኤፍ አያይዛለሁ፤ ከላክሁ በኋላም ደውዬ "ተከፈተልዎ? ፊደሉ በደንብ ይነበባል?" እላለሁ። ማስረከብ የምለው አጻፊው ከፍቶ ሲያነበው ነው።

በውል የማልሠራው አንድ ነገር አለ፤ የለቅሶ ነው። ማታ ሦስት ሰዓት በሩ ይንኳኳል፤ ነገ ቀራንዮ መድኃኔዓለም ቀብር አለ፤ የሕይወት ታሪክ መነበብ አለበት። "ለሐዘን ገንዘብ አልቀበልም" የሚለውን በር ላይ እያሉ እነግራቸዋለሁ፤ በነፃ መሥራትም አስቀድሞ ሲነገር ማንንም አያሳቅቅም። አንድ ጊዜ ቤተሰቡ ይዞልኝ በመጣው ወረቀት ላይ የትውልድ ዘመን፣ የልጆች ቁጥርና "ደግ፣ ሩኅሩኅ፣ ሰው ወዳድ ነበሩ" የሚል ብቻ ነበር። "እናታችሁ ከገበያ ሲመለሱ መጀመሪያ ምን ያደርጉ ነበር?" ብዬ ጠየቅሁ። ሁሉም ዝም አሉ። ከዚያ ትንሿ ልጅ፣ "መጀመሪያ የጎረቤታችንን በር ነው የምታንኳኳው። 'እንዴት ዋልሽ?' ሳትል ቤቷ አትገባም" አለች። እሱን ጻፍኩት። በማግስቱ ሲነበብ ያቺ ጎረቤት ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።

እንዲህ ጠይቆ የሰውን ቃል እንዳለ መያዝ ሙያችን ውስጥ የቆየ ነው። መንግሥቱ ለማ የአባታቸውን የአለቃ ለማ ኃይሉን ትዝታ በመቅረጸ ድምፅ ይዘው በ1959 ዓ.ም. ለመጽሐፍ ሲያበቁ፣ የሽማግሌውን አነጋገር ከነለዛው ጠብቀውታል። የሰው የሕይወት ታሪክ ልጽፍ ስቀመጥ ያን መጽሐፍ አስበዋለሁ። ጥሩ ጸሐፊ ነኝ ብዬ የአዛውንቱን አፍ በእኔ ቋንቋ ከሞላሁት፣ የከፈሉበትን ነገር አልሰጠኋቸውም።

የብራና መጻሕፍት መዝጊያ ላይ ብዙ ጊዜ ለጸሐፊውም ለአጻፊውም አብሮ ምሕረት ይለመናል። አባቶች ያሠራውን ሰው "ገዢ" አላሉትም፤ አጻፊ ነው፣ የመጽሐፉ ተካፋይ ነው። እኔ ሁለቱን ስሞች የማሰፍረው ከሥራው በፊት በውሉ ላይ ነው። ተካፋዮች ከሆንን የምንካፈለውን ቀድመን መተዋወቅ አለብንና።

ባለፈው አንድ ጡረተኛ መምህር የሕይወት ታሪካቸውን ሊያጽፉ መጡ። ውሉን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው መስመር በመስመር እየተከተሉ አነበቡት። ቀብዱ ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው "እጥፍ? አንቺም?" አሉኝ። "አዎ ጋሼ፣ እኔም" አልኳቸው። አንብበው ሲጨርሱ ወረቀቱን መልሰው ወደ እኔ ገፉት።

"አንድ ነገር ይቀራል ልጄ። ዓይኔ እየደከመ ነው። እያንዳንዱን ምዕራፍ ስትጨርሺ ጮክ ብለሽ ታነቢልኛለሽ፤ የእኔ ቃል ካልሆነ እነግርሻለሁ። ይኼንንም ጻፊው።"

ጻፍኩት። ከዚያ ፈረምን።