ስለ ኢትዮጵያ የተሠሩ የባዕድ ፊልሞች ከዘመን በኋላ ሲመዘኑ

ፊልም እንደ ማናቸውም የሰው እጅ ሥራ ያረጃል። እርጅናው ግን በሁለት ወገን የሚታይ ነው። አንደኛው የመሣሪያውና የጊዜው ልማድ እርጅና ነው፤ ድምፁ ይሻክራል፣ የተዋናዮቹ አነጋገር የተጋነነ ይመስላል፣ ተመልካችም ይህን በቀላሉ ይቅር ይላል። ሁለተኛው ፊልሙ ሰውን የተመለከተበት ዐይን እርጅና ነው። ይህ ይቅርታ የሚያገኝ አይደለም፤ ፊልሙ በተሠራበት ዘመንም ስሕተት የነበረ፣ ዘመን የገለጠው እንጂ ዘመን ያመጣው ነገር አይደለምና።

በውጭ አገር ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ምሳሌ አሜሪካዊው ዲ. ደብልዩ. ግሪፊዝ በ1915 የሠራው «የአንድ ሕዝብ መወለድ» የተባለው ፊልም ነው (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የፊልም ሥራ መምህራን ስለ አቀነባበሩ ጥበብ እስከ ዛሬ ያነሡታል። ይሁን እንጂ ጥቁሮችን አዋርዶ ኩ ክሉክስ ክላን የተባለውን የግፍ ማኅበር አዳኝ አድርጎ ስለሚያሳይ፣ ገና በወጣበት ዓመት የጥቁሮች መብት ተሟጋቾች ተቃውመውታል። ስለዚህ «የዚያ ዘመን ሰው ሁሉ እንዲህ ያስብ ነበር» የሚለው ማመካኛ ብዙ አያስኬድም፤ የተሰደቡት ሰዎች በዚያው ዘመን ስድብነቱን ያውቁ ነበር።

በኢትዮጵያ በኩል የዚህ ነገር ዋና ማስረጃ የሚሆኑት የፋሺስት ኢጣልያ ፊልሞች ናቸው። በ1924 የተመሠረተው ሉቼ የተባለው የፊልም ተቋም፣ በ1935 ወረራው ሲጀመር ለምሥራቅ አፍሪካ የተለየ ክፍል በአሥመራ አቋቋመ። ኮራዶ ዴሪኮ በ1936 ለዚሁ ተቋም ያዘጋጀው «የጀግኖች መንገድ» ጦርነቱን እንደ ታላቅ የግንባታ ሥራ አስመስሎ ያቀርበዋል፤ ስንቅ ሲጓጓዝ፣ መንገድ ሲጠረግ፣ ቁስለኛ ሲታከም ይታያል። በኢትዮጵያ ወታደርና ባላገር ላይ ከአውሮፕላን የወረደው የመርዝ ጋዝ ግን በፊልሙ ውስጥ የለም። ይኸው ጋዝ ለብዙ ዓመታት ሲካድ ኖሮ የኢጣልያ መከላከያ ሚኒስቴር በይፋ ያመነው በ1996 ነው።

ጎፍሬዶ አሌሳንድሪኒ በ1938 ያዘጋጀውና የሙሶሊኒ ልጅ ቪቶሪዮ በበላይነት የተቆጣጠረው «አብራሪው ሉቻኖ ሴራ» በቬኒስ የሙሶሊኒን ዋንጫ አግኝቷል። በዚህ ፊልም ኢጣልያዊው አብራሪ የሚወደው ልጅና የሚጸጸትበት ያለፈ ኑሮ አለው፤ ባቡሩን የሚያጠቁት ኢትዮጵያውያን ግን ከየት እንደ መጡ፣ ስለ ምንስ እንደሚዋጉ የሚናገር አንድ ሰው እንኳ አልተሰጣቸውም።

ከሁሉ ይልቅ መመርመር የሚገባው ያው አሌሳንድሪኒ በ1939 ያወጣውና ይህንኑ ዋንጫ ያገኘበት «አቡነ መሲያስ» ነው። ታሪኩ በ1846 ወደ ኢትዮጵያ ስለ መጡት፣ በኋላም በሸዋ በንጉሥ ምኒልክ ዘንድ ስለ ተቀመጡት የካፑቺን ሚስዮናዊ ስለ ጉልየልሞ ማሳያ ነው። የንጉሥ ምኒልክን ቦታ ይዞ የተጫወተው ኤንሪኮ ግሎሪ የተባለ ኢጣልያዊ ሲሆን፣ ለአብዛኛው የአገሬው ሰው የቀረለት የአጃቢነትና የሠራዊትነት ቦታ ነበር። ፊልሙ ሚስዮናዊውን የፍቅርና የሥልጣኔ ሰው አድርጎ ሲሥል፣ ጳጳሱን አቡነ አትናቴዎስን ዐፄ ዮሐንስን በእሳቸው ላይ የሚያነሣሡ ተንኰለኛ ያደርጋቸዋል። ነገር ግን ሚስዮናዊው በዐፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ከአገር የወጡት በ1879 ነው፤ አቡነ አትናቴዎስ ያረፉት ደግሞ በ1876 ነው። ለመባረሩ ተጠያቂ የተደረጉት ጳጳስ በጊዜው በሕይወት አልነበሩም ማለት ነው። ይህ የዓመት መዛባት በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። ፊልሙ ለተመልካች የቀረበው አቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ በጥይት ከተገደሉ ከሦስት ዓመት፣ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ከተጨፈጨፉ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ልጆቿ የተገደሉባትን ቤተ ክርስቲያን በዳይ አድርጎ ማሳየት ለገዳዩ ምክንያት ማበጀት ነበር።

እነዚህ ፊልሞች የሸሸጉትን ለመረዳት በዚያው ዘመን በጎጃም የሆነውን ማየት ይበቃል። በ1938፣ ማለትም በ1930 ዓ.ም.፣ የጎጃም ባላገር በመነሣቱ ጠላት ከምሽጉ ወጥቶ እንደ ልቡ መንቀሳቀስ ተስኖት ነበር። ጄኔራል ካቫሌሮ ብዙ ጦር ቢያዘምትም ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ ልጅ ኃይሉ በለው፣ በላይ ዘለቀና ሌሎችም አርበኞች ተጋድሏቸውን አላቋረጡም። በመጨረሻም የካቲት 25 ቀን 1933 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ቡሬን ለቆ ወደ ደምበጫ አፈገፈገ፤ ንጉሠ ነገሥት ኀይለ ሥላሴም መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ገቡ። ተገዝቶ ያደረ፣ ሥልጣኔ የሚጠብቅ ተብሎ በፊልም የቀረበው አገር ይህ ነበር።

የቡሬና የፍኖተ ሰላም አካባቢ ባላገር እንዲህ ያለውን ዘመን የሚያቆየው በቀረርቶ፣ በሽለላና በሙሾ ነው። ቀረርቶም ቢሆን ያጋንናል፣ ለወገኑም ያደላል። በዚህ በኩል ከፊልም ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም። ልዩነቱ ያለው በሚኖርበት ሁኔታ ላይ ነው። ቀረርቶ የሚባለው ጉዳዩን በሚያውቁ ሰዎች ፊት ነው፤ ያላግባብ የተመሰገነ ቢኖር የሚያሽሟጥጥ፣ ስሙ የተዘለለ ቢኖር ዘመዱ ቆሞ የሚያስታውስለት አይታጣም። በዚህ ዐይነት ቃሉ በየጊዜው እየታረመ ይሄዳል። ፊልም ግን የተነገረላቸው ሰዎች በሌሉበት በሩቅ አገር ተቀነባብሮ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ስሕተቱ እንደ ተቀረጸ ይኖራል። ፈጥኖ የሚያረጀውም የሚመልስለት ሰው ሳይኖር በመሠራቱ ነው።

እርጅናው ከጠላትነት ብቻ የመጣ ነው የሚል ቢኖር፣ ጆን ጊለርሚን በ1973 ያወጣውን «ሻፍት በአፍሪካ» ሊመለከት ይገባዋል። ከፊሉ የተቀረጸው በኢትዮጵያ ነው፤ ዋናው ተዋናይ ሪቻርድ ራውንድትሪ ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ ነገሩም አፍሪካውያን ሠራተኞችን ወደ አውሮፓ በባርነት የሚያሻግሩ ወንጀለኞችን ማጋለጥ ነው። ጉዳዩ የኢትዮጵያ ወጣቶች በስደት መንገድ ላይ በደላሎች እጅ በሚወድቁበት በዚህ ዘመን ከቶ አላረጀም። ሆኖም ፊልሙ በእውነተኛ መልክዐ ምድር ላይ የፈጠራ አሚርና የፈጠራ ልማድ አስቀምጦ፣ የሴት ልጅ ግርዛትን የመሰለ ከባድ ነገር የጀግናው የፍቅር ጨዋታ ማጣፈጫ ያደርገዋል። ወዳጅም ቢሆን ባለቤቱን ሳይጠይቅ ስለ ሌላው ሰው ልማድ ቢናገር ከዚህ አያመልጥም።

ታዲያ እነዚህ ፊልሞች ይጣሉ ማለት አይደለም። የዚያን ዘመን የኢትዮጵያ ሕዝብ እንቅስቃሴ የሚያሳይ ፊልም ጥቂት ነው፤ የሉቼ መዝገብም በሮም ተጠብቆ ይገኛል። ተማሪው ግን በውስጡ ያለውን ለይቶ መያዝ አለበት። በፊልሙ መካከል ቆሞ የሚናገረው ሰው፣ የለበሰው ልብስና የቆመበት ቦታ አዘጋጁ የወሰነው ሊሆን ይችላል። ከኋላ የቆመው አጃቢ ግን እጅ አነሣሡን፣ ኩታ አጣጣሉን፣ ታላቁን ሲያይ ጎንበስ ማለቱን ከአዘጋጁ አልተማረውም፤ ከቤቱ ይዞት የመጣ ነው። ለባህል ጥናት የሚጠቅመው ይህ ሳይታሰብ የገባው ክፍል ነው።

የዛሬው ችግር ፊልሞቹ መኖራቸው ሳይሆን ያለ ማብራሪያ ተቆራርጠው መልሰው መታየታቸው ነው። ስለ አርበኞች የሚናገር ዝግጅት ጠላት ለፕሮፓጋንዳ የቀረጸውን የመገበር ሥነ ሥርዓት እንደ ተራ ማስረጃ ሲያቀርብ፣ አሮጌው ውሸት በአዲስ ድምፅ ይነገራል። ስለዚህ የትኛው ምስል በማን ትእዛዝ፣ በየትኛው ዓመትና የት እንደ ተቀረጸ ከምስሉ ጋር አብሮ ሊጻፍ ይገባል። ከዚህም ጋር ተመራማሪው ፊልሙን ወደ ባላገሩ ወስዶ የኢጣልያንኛውን ትረካ ዘግቶ ለሽማግሌዎች ቢያሳይ፣ ስለ አለባበሱ፣ ስለ ማዕርጉና ስለ ቦታው የሚሰጡትን ቃል ቢመዘግብ፣ ፊልሙ ሲሠራ ያልተጠየቀው ወገን ዘግይቶም ቢሆን ተጠየቀ ማለት ነው። የጦርነቱን ዘመን በዐይናቸው ያዩት አልቀው የሚነገረው ከአባቶቻቸው የሰሙት ልጆች ቃል ብቻ እየሆነ በመሄዱ፣ ይህ ሥራ ለሌላ ትውልድ ሊተላለፍ የሚችል አይደለም።