ስእለትና ፍቅር

የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ልብ ወለድ ገጸ ባሕርይ የበዛብህ ታሪክ የሚጀምረው በስእለት ነው። እናቱ ውድነሽ ልጇ ከሞት ቢተርፍላት ለቤተ ክርስቲያን ልትሰጠው ተሳለች፤ እሱ ግን የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን እንዲያስተምር ተቀጠረና ወደዳት። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ይህን ልብ ወለድ በ1958 ዓ.ም. ሲያሳትሙ ጎጃምን ከነባላባቱ፣ ከነካህኑ፣ ከነጭሰኛው አሳዩን።

እኔን ሁሌም የሚይዘኝ የፊታውራሪ ትዕቢት ነው። ለልጃቸው በዘር የሚመጥን ባል ሲያማርጡ፣ ሰብለ ወግ ማዕረግ ሳታይ ዕድሜዋ ይነጉዳል። ደራሲው ይህን ሳይቸኩሉ፣ አንድ ጠያቂ መጥቶ አንዱ ሲመለስ እያሳዩ ይተርኩታል። እውነቱን ደፍሮ የሚናገረው ካሣ የተባለው ገጸ ባሕርይ ደግሞ «ጉዱ» ተብሎ ቀረ! ከዚህ የበለጠ የዘመኑ ክስ አላነበብኩም።

ሐዲስ በ1902 ዓ.ም. ጎጃም ተወለዱ፤ የቤተ ክህነት ትምህርት ቀመሱ፤ ጣሊያንን ተዋግተው ተማረኩ፤ በግዞት ቆይተው በዲፕሎማትነትና በሚኒስትርነት አገለገሉ። «ወንጀለኛው ዳኛ»ና «የልም እዣት»ም የእሳቸው ናቸው፤ ግን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያህል የተወደደ የለም።

ልብ ወለዱ እንዲህ ለመወደዱ ተራኪው ወጋየሁ ንጋቱ ትልቅ ባለውለታ ነው። በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት ሲተርከው ለፊታውራሪ፣ ለካሣ፣ ለሰብለ ለየራሳቸው ድምፅ ሰጣቸው። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች እንኳ ለሰብለ አለቀሱ፤ መጽሐፉን በእጃቸው ሳይነኩ ገጸ ባሕርያቱን በስም እየጠሩ ይሟገቱባቸው ነበር።