ከጋሊሌዮ ምርጫ የበለጠው ስም

ጋሊሌዮ እ.ኤ.አ. በ1610 ባሳተመው መጽሐፉ የጨረቃን ተራሮች ያየበትን ቱቦ በላቲን «ፐርስፒሲሉም» ይለዋል። በዓመቱ ሮም ውስጥ የሊንቼይ አካዳሚ ባዘጋጀለት ግብዣ ላይ ግን «ቴሌስኮፕ» የሚለው ስም ወጣ፤ ያወጣውም ግሪካዊው ምሁር ጆቫኒ ዴሚሲያኒ እንደሆነ ይነገራል። «ሩቅ» እና «ማየት» ከሚሉ የግሪክ ቃላት የተገጠመ ነው። ስሙን ያስፋፋው የጋሊሌዮ ዝና ነው የሚል ቢኖር፣ ዝና ብቻውን የሚበቃ ቢሆን ኖሮ ጋሊሌዮ ራሱ የመረጠው ቃል ባልተረሳ ነበር። ያሸነፈው ሥራውን የሚናገረውና ለመዋለድ የሚመቸው ነው፤ በ1625 ጆቫኒ ፋበር «ማይክሮስኮፕ»ን ያወጣው በዚሁ ፈለግ ነው። የእኛም «መነጽር» «ነጸረ» ከሚለው የግእዝ ግሥ ተወልዶ ማየትን ይናገራል እንጂ ዓይን አይቆጥርም።

ዓይን የሚቆጥሩት «ሞኖክል» እና «ሞኖኩላር» ናቸው። የግሪክን «ሞኖስ» ከላቲኑ «ኦኩሉስ» ጋር ስላጋቡ የቋንቋ ጥራት ጠባቂዎች ዲቃላ ይሏቸዋል። ነቀፌታው እውነት ቢሆንም ክብደት የለውም። በእጅ የሚያዘውን ባለ አንድ ቱቦ ማቅረቢያ ከባለ ሁለቱ የሚለየው ይኸው ቁጥር ነውና፣ ስሙ ከዚህ በላይ ምን ይጠየቃል?