የአባትየው ሽሽት
(በኬንዛቡሮ ኦኤ «የግል ጉዳይ» ላይ የቀረበ ሂስ)

ከትምህርት ሰዓት ውጭ ተሰብስበን መጻሕፍት የምናነብ ጓደኛሞች ሰሞኑን የጃፓናዊውን ደራሲ የኬንዛቡሮ ኦኤን «የግል ጉዳይ» መርጠን ነበር። ልብ ወለዱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ደራሲው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የአንጎል ጉዳት ያለበት ልጅ ወልዷል። ቢሆንም መጽሐፉን እንደ ኑዛዜ ሳይሆን እንደ ልብ ወለድ ነው የምንመዝነው።

ዋናው ገጸ ባሕርይ «ወፍ» የሚል ቅጽል ስም ያለው የ27 ዓመት አስተማሪ ነው። ሚስቱ ምጥ ይዟት ሳለ እሱ የአፍሪካን ካርታ ይገዛል። ሕፃኑ ጭንቅላቱ ላይ ትልቅ እብጠት ይዞ ይወለዳል፤ ሐኪሞች «አንጎሉ ነው የወጣው» ይላሉ። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ሽሽት ነው፦ ወደ መጠጥ፣ ወደ ቀድሞ ወዳጁ ወደ ሂሚኮ ቤት፣ በሐሳብም ወደ አፍሪካ። ይባስ ብሎ የሕፃኑ ወተት ተቀንሶ በስኳር ውኃ እየተተካ፣ ልጁ ቀስ በቀስ እንዲያልቅ ከሐኪሙ ጋር ይስማማል።

የመጽሐፉ ጉልበት እዚህ ላይ ነው እንላለን። ኦኤ አባትየውን አያቆነጀውም፤ አውሬም አያደርገውም። «ወፍ» ያፈረ ሰው ነው፣ በቃ። አማቱም እውነቱ ከእናቲቱ ጆሮ እንዳይደርስ ትጠነቀቃለች። ሁሉም ስለ ልጁ ይንሾካሾካል፤ ልጁን ግን ደፍሮ የሚያየው የለም።

አፍሪካ ውስጥ ተቀምጠን ስናነበው አንድ ነገር ፈገግ አሰኝቶናል፤ የሰውዬው መሸሻ የኛ ሰፈር ነው! እዚህስ እንዲህ ያለ ልጅ አይወለድም እንዴ? እዚህም እኮ ጓዳ አለ። ፈገግታችን ግን አልቆየም። ከመካከላችን አንዱ መጽሐፉን ሳይጨርስ መለሰው። እንግዳ ሲመጣ ታናሽ ወንድሙ ወደ ጓዳ ይገባ ነበር። «በሩን የምዘጋው እኔ ነበርኩ» አለን። ከዚያ በኋላ ስለ ቅርጽና ይዘት ለመከራከር ትንሽ ጊዜ ወሰደብን።

ክርክሩ መጨረሻው ላይ ነው የጦፈው። «ወፍ» ድንገት ሽሽቱን ትቶ ልጁን ለማዳን ይወስናል። በቀዶ ሕክምናው እብጠቱ አንጎል ሳይሆን ቀላል ዕጢ ሆኖ ይገኛል፤ ቤተሰቡም ደስ ብሎት ይሰበሰባል። በዚያው በጃፓን ዩኪዮ ሚሺማን ጨምሮ አንዳንዶች ይህን መጨረሻ ነቅፈውታል። ገሚሶቻችን «ሰው እንዲህ በአንድ ሌሊት አይለወጥም» ብለናል። የኛ ዋና ቅሬታ ግን ሌላ ነው። ልጁን የመቀበሉ ውሳኔ የአንድ ወንድ የብቻ ውሳኔ ሆኖ ቀርቷል። አምጣ የወለደችው እናትስ የት አለች? ደግሞስ ወሬው ክፉ ቢሆን ኖሮ፣ ያ ሁሉ ዘመድ ፈገግ ብሎ ይሰበሰብ ነበር?

ለደራሲው ፍትሕ እንስጥ። «ወፍ» ልጁ አእምሮው ደካማ ሆኖ ሊያድግ እንደሚችል ያውቃል፤ በመዝገበ ቃላት ሊፈልግ ያሰበው የመጨረሻ ቃልም «ትዕግሥት» ነው። ኦኤ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2023 እስካረፈ ድረስ ስለዚሁ ጉዳይ ደጋግሞ ጽፏል፤ ልጁ ሂካሪም የሙዚቃ ደራሲ ሆኗል። ነገር ግን ልጅ ሙዚቃ ባይደርስም ልጅ ነው።

ልጅን መቀበል በየማለዳው የሚታደስ ሥራ እንጂ የመጨረሻ ምዕራፍ አይመስለንም። ያ ጓደኛችን ትናንት መጽሐፉን መልሶ ወስዶታል። የተለየ አስተያየት ያላችሁ ጻፉልን።